ካኖን 7ዲ ማርክ 2 ከነጩ 70-200 ኤፍ 4 ጋር፦ ለፈረስ፣ ለኳስና ለእስክስታ ይሆናል ወይ?

ይሄን ካሜራ በተመለከተ ሚጠይቁኝ ልጆች ስለበዙ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ካሜራው ካኖን 7ዲ ማርክ 2 ነው፣ ሌንሱ ደሞ ያ ነጩ 70-200 ኤፍ 4 ኤል፣ ማረጋጊያ (አይኤስ) የሌለው የድሮው። ሁለቱንም ሰከንድ ሃንድ ነው የገዛኋቸው፣ ደሴ ውስጥ ሰርግ ይሰራ ከነበረና አሁን ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ አይነት ካሜራ) ከዞረ ልጅ ላይ። "ይሄ ሁሉ አዲስ ካሜራ እያለ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ካሜራ ምን ያደርግልሃል" ለምትሉኝ፣ እኔ የማነሳው ቁጭ ብሎ ፖዝ የሚሰጠኝን ሰው አይደለም፣ ደጋ ላይ ፈረስ፣ ኮምቦልቻ ኳስ፣ አዳራሽ ውስጥ እስክስታ፣ ሐይቅ ላይ ወፍ ነው፣ ለዚህ ሥራ ደሞ በዚህ ዋጋ ሚወዳደረው ካሜራ እስካሁን አላየሁም። ለስቱዲዮና ለቪዲዮ ከሆነ ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ሌላ ፈልጉ።

ቁጥሮቹን ቶሎ ልለፋቸው፣ 20 ሜጋፒክሰል ነው፣ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ክሮፕ ማለትም አነስ ያለ ነው ስለዚህ 200ው ሌንስ እንደ 320 ሆኖ ነው ሚያሳያችሁ (ይሄ ሜዳ ዳር ቆሞ ለሚያነሳ ሰው በነጻ የተሰጠ ዙም ነው)፣ በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሳል፣ 65 የፎከስ ነጥብ አለው ሁሉም ክሮስ ታይፕ (ቋሚም አግድምም መስመር የሚይዝ)፣ ሹተሩ (ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) እስከ 1/8000 ሰከንድ ይሄዳል፣ ባትሪው ያው ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ኤልፒ-ኢ6ኤን ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ከጓደኛ ባትሪ መዋስ መቻል ራሱ አንድ ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ ይሄን ካሜራ የወደድኩት በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፣ ሹተሩን እኔ ወስኜ ሌላውን እሱ እንዲጨርስልኝ ስለሚፈቅድልኝ ነው። ኤም (ማንዋል) ሞድ ላይ አድርጌ ሹተርና አፐርቸሩን (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) እኔ እቆልፋለሁ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) አውቶ እለቀዋለሁ፣ ከዛ ደሞ ዋናው ነገር፣ በኤም ሞድ አውቶ አይኤስኦ እያለም ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽን (ፎቶው ካሜራው ካሰበው ይድመቅ ወይ ይጥቆር የምትሉበት) ይቀበላል። በዛን ጊዜ የነበሩ ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ይሄን አይሰጡም ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መሃል ያለችውን በተን ይዛችሁ የላይኛዋን ጎማ ስታዞሩ ኮምፔንሴሽኑ እንዲቀየር ማድረግ ትችላላችሁ፣ አንዴ ካስተካከላችሁት በኋላ ዓይናችሁን ከቪውፋይንደሩ ሳታነሱ ነው ሁሉንም የምትሰሩት። አሁንም ብዙ ልጅ ኤቪ (አፐርቸሩን ብቻ እናንተ የምትመርጡበት ሞድ) ላይ አድርጎ ኤፍ 4 ይሰጥና ሹተሩን ለካሜራው ይተወዋል፣ ደመና ሲመጣ ካሜራው ዝም ብሎ 1/250 ይወርዳል፣ ከዛ "ሌንሱ አይስልም" ይባላል። ሌንሱ ምን አደረገ!

ፈረሱን ልውሰድ። ጥር ላይ ወደ ወረኢሉ፣ ሌጋምቦ ወይ ደላንታ በኩል ሰርግ ከሄዳችሁ ፈረስ አይጠፋም፣ ፈረሱ ሁሉ ግን አንድ አይነት ሹተር አይፈልግም። ሙሽራዋ የምትሄድበት ሰጋር በቅሎ 1/250 ይበቃታል፣ እንደውም ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ከወገቡ በላይ እምብዛም ስለማይናወጥ 1/200ም አንስቼ ጥርት ብሎ ወጥቶልኛል። ሶምሶማ ላይ ያለ ፈረስ 1/500 ወይ 1/640። ሽምጥ ሲጋልብ ነው ጨዋታው የሚለወጠው። እስኪ ሂሳቡን እንየው፣ ሽምጥ የያዘ ፈረስ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ገደማ ሄደ እንበል፣ ይሄ በሰከንድ 11 ሜትር ነው። በ1/250 ሹተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ፈረሱ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ይሄዳል፣ በ1/1000 1 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በ1/2000 ግማሽ ሴንቲሜትር። ይሄ ደሞ የሰውነቱ ፍጥነት ነው፣ ወደፊት የሚወረወረው እግር ከሰውነቱ በጣም ይፈጥናል፣ ስለዚህ ፊቱ ጥርት ብሎ ኮቴው ደብዝዞ ቢመጣ ካሜራው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር አቅጣጫ ነው። በፊታችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ሚያልፍ ፈረስ 1/1600 ሲፈልግ ቀጥታ ወደናንተ ሚመጣው በ1/800ም ይያዛል፣ ምክንያቱም ፍሬሙ ላይ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ነው። ግን ወደናንተ ሲመጣ ሹተሩ የቀለለላችሁን ያህል ፎከሱ ይከብዳል፣ እዛ ጋ ነው የዚህ ካሜራ ፎከስ ዋጋውን የሚያወጣው። ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ ፎከስ የሚያደርገው) ላይ አድርጋችሁ ዞን (አንድ ላይ የሚሰሩ ነጥቦች) መርጣችሁ ከኋላ ባለችው ኤኤፍ-ኦን በተን ፎከሱን ይዛችሁ ብትከተሉት ከ10 ፎቶ ሰባት ስምንቱ ይያዛል፣ ቀሪው ልጓሙ ላይ ወይ ኮርቻው ላይ ያርፋል። አዲሶቹ ካሜራዎች የእንስሳ ዓይን ይዘው ይከተላሉ፣ በዚህ ይበልጡታል፣ አልከራከርም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። 1/2500 አድርጌ ካነሳኋቸው ፎቶዎች አንዱ ላይ ከኮቴው ስር የተነሳው አፈር እያንዳንዱ ጓል ለብቻው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ የግላሱ ዘርፍ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ በደስታ ስክሪኑን ለጋላቢው ሳሳያቸው (ጠና ያሉ ሰውዬ ናቸው) አየት አደረጉና "ልጄ፣ ፈረሱን እኮ አቆምኸው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው ወላሂ። አራቱም እግሩ ከመሬት ተነስቶ እንኳን የቆመ ነው ሚመስለው። ከዛ በኋላ ለጉግስና ለሽምጥ 1/1000 ወይ 1/800 ነው የምመርጠው፣ የሰውየውና የፈረሱ ፊት ይያዛል፣ ኮቴውና ጭራው ትንሽ ይሄዳል፣ አቧራው ይጨሳል። ብዙ ጽሑፍ ላይ "ለፈረስ ከ1/2000 በታች አትውረዱ" ሲባል ታያላችሁ፣ ለእሽቅድምድም ማሸነፊያ መስመር ይሆን ይሆናል፣ ለሰርግ ፈረስ ግን እኔ አልስማማም። (ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሩ ከመሬት ይለቃል አይለቅም የሚለውን ክርክር በ1878 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ማይብሪጅ ካሜራ ደርድሮ በፎቶ ነው የፈታው፣ እኛ ዛሬ በአንድ ጣት ነው የምናደርገው።) ፍላሽ ደሞ ፈረስ ፊት አታብሩ፣ እዚህ ላይ የፎቶ ጉዳይ ሳይሆን የሰው አንገት ጉዳይ ነው።

ብርሃኑን በተመለከተ ወሎ ደጋ ላይ በጥር ፀሐይ የሚያነሳ ሰው የሚያማርርበት ምክንያት የለውም። የድሮዎቹ ፎቶ አንሺዎች የብርሃን መለኪያ (ሜትር) ሳይኖራቸው የሚሰሩበት ሂሳብ አለ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸር ኤፍ 16 ስታደርጉ ሹተሩ የአይኤስኦው ተገልባጭ ነው፣ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100። ከዛ ወደ ኤፍ 4 አራት ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ትከፍታላችሁ፣ 1/100 አራት ጊዜ በየተራ በእጥፍ ሲፈጥን 1/1600 ይመጣል። ማለትም ይሄ ሌንስ ኤፍ 4 ላይ፣ በዝቅተኛው አይኤስኦ 100፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ 1/1600 ይሰጣችኋል። 2.8ቱን ውድና ከባድ ሌንስ ካልገዛሁ ብላችሁ የምትጨነቁ ልጆች ይሄን ሂሳብ እዩት፣ ቀን ላይ ውጪ ለምታነሱት ኤፍ 4 ከበቂ በላይ ነው። አይኤስ ስለሌለውም አብሽሩ፣ ማረጋጊያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የፈረሱን ሩጫ አያቆምም፣ 1/1000 ላይ ካላችሁ ደሞ እጃችሁም ቢንቀጠቀጥ አይታይም። 200 ላይ ሆናችሁ ከ1/320 በታች እስካልወረዳችሁ ድረስ የአይኤሱን ገንዘብ ኪሳችሁ አስቀሩት።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ አውቶ አይኤስኦ ከታች ወለል አለው። 1/1000 እና ኤፍ 4 ቆልፋችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ ብትወጡ አይኤስኦው 100 ደርሶ ከዛ በታች መውረድ ስላልቻለ ፎቶው ይነጣል፣ ካሜራው ምንም አይላችሁም፣ ያው የብርሃን መለኪያው ብቻ ነው ሚያሳየው፣ በቪውፋይንደር እያያችሁ ፈረስ እየመጣ ያንን ማን ያያል። ስለዚህ ሹተሩን ስታወርዱ አፐርቸሩን ወደ 5.6 ዝጉት፣ ያኔ አይኤስኦው 125 አካባቢ ይቆማል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም መተንፈሻ ይኖረዋል።

ኮምፔንሴሽኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ያነሳ ሁሉ ያውቃል። ሜትሩ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ፈረስ ፍሬሙን ከሞላው ያጠቁረዋል፣ ሰውየው ደሞ የባሰ ይጠቁራል። እኔ ነጭ ሲበዛ ወደ ላይ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ፣ ጥቁር ወይ ዳማ ፈረስ ፍሬሙን ሲሞላው ወደ ታች ሁለት ሦስተኛ አደርጋለሁ። የፊት ቀለማችን ላይ ለሚሰራ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ነጠላዋ ጥርት ብሎ ፊቷ የጠፋ ሙሽራ ፎቶ ይዛችሁ ቤተሰቡ ፊት መቆም አትፈልጉም። በተቃራኒው ነጠላው እስኪነጣ ድረስ ከከፈታችሁት ጥለቱ ይጠፋል፣ ስለዚህ የነጣውን ቦታ ብልጭ እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ አብሩት፣ ጥለቱ ላይ ብልጭ ካለ አንድ ሦስተኛ ውረዱ። እና ደሴ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ክረምት ላይ ጦሳ ጉሙን ሲለብስና ከተማው ውስጥ ሲወርድ ሙሉ አንድ ስቶፕ ወደ ላይ ካልሰጣችሁት ጉሙ የጭቃ ውሃ ነው ሚመስለው። ጉም ውስጥ ፎከሱም ይሰንፋል፣ መሃል ያለውን አንድ ነጥብ ብቻ ተጠቀሙ።

ኳስ ላይ እንሂድ። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ባይርቅም ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሞቃል፣ እኩለ ቀን ላይ ከሜዳው ማዶ ያለ ተጫዋች በ200 ስታነሱ ምስሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሹተር ብትጨምሩ አይለቅም፣ ፎከሱን ብትሞክሩ አይለቅም፣ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቅ አየር ነው። መፍትሄው ቀርቦ ማንሳት ወይ አመሻሽ መጠበቅ ነው። የአሥር ሰዓት ጨዋታ ነው የኔ ምርጫ፣ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ፊት ይታያል። ለኳስ መነሻዬ 1/1000 ነው፣ በረኛ ሲወረወርና ቅጣት ምት ሲመታ 1/1250 ወይ 1/1600 (ኳሱ ክብ ሆኖ እንዲታይ ከፈለጋችሁ)፣ በግንባር ሲገጩ ግን የገረመኝ ነገር 1/500 ራሱ ይበቃል፣ የዘለለ ሰው ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አይሄድም፣ ያችን ሰዓት ካገኛችኋት ሹተሩ ያን ያህል አያስፈልግም። ብርሃን ሲያልቅ ይሄ ነገር ያድናል።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ችግሩ ይጀምራል። ያኔ 1/1000 ኤፍ 4 ላይ አይኤስኦው 1600፣ ከዛ 3200፣ ከዛ 6400 እያለ ይወጣል። እስከ 3200 ምንም አልልም፣ ቆንጆ ነው። 6400 ላይ ጥላው ውስጥ ቀለሙ ይንገጫገጫል፣ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ይሄዳል፣ ለትልቅ ህትመት አይሄድም። ከዛ በላይ ያለውን እንደሌለ ቁጠሩት። እኔ የአውቶ አይኤስኦውን ጣሪያ 6400 ላይ ዘግቼዋለሁ፣ እዛ ሲደርስ ሹተሩን ወደ 1/640 አወርድና የቆሙበትን ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ጎል ካገቡ በኋላ ያለው ጭፈራ፣ ዳኛው ካርድ ሲያወጣ፣ አሰልጣኙ እጁን ሲያወራጭ፣ እነዚህ 1/320 ይበቃቸዋል። ከዚህ ውጪ ግን ኖይዝ (አይኤስኦ ሲበዛ ፎቶው ላይ የሚመጣው ነጠብጣብ) ፈርቶ ሹተር ማውረድ አይገባኝም፣ ኖይዝ ያለበት ፎቶ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር) ውስጥ ትንሽ ይታሻል፣ በሩጫ የተበላሸን ፎቶ ግን ላይትሩምም ምንም አያደርገውም።

ከሁሉም በላይ ይሄ ካሜራ ያስደሰተኝ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሽ ውስጥ በ1/500 ተከታታይ ፎቶ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ብሩህ፣ ቀጣዩ ቡናማ፣ ቀጣዩ ግማሹ ጨለማ ግማሹ ብርሃን። ይሄ የካሜራ ብልሽት አይደለም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፣ በዓይን አይታይም፣ ሹተሩ በ1/500 ሲቆርጠው ግን አንዱን ጊዜ ደመቅ ሲል ይይዘዋል አንዱን ጊዜ ሲፈዝ። ግማሽ ግማሽ የሚሆነው ደሞ ሹተሩ ሁለት መጋረጃ ስለሆነ ነው፣ ከ1/250 በላይ ሲፈጥን ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ስለሚከተለው ሴንሰሩ በጠባብ ክፍተት ነው ከጫፍ ጫፍ የሚጠረገው፣ ክፍተቱ እስኪያልፍ መብራቱ ይለዋወጣል። 7ዲ ማርክ 2 ከካኖን ካሜራዎች አንቲ ፍሊከር ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ነው፣ መብራቱን ይለካና ጫፉ ላይ ሲደርስ ጠብቆ ሹተሩን ይለቃል። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት፣ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ በተኑን ስትጫኑም በጣም ጥቂት ይዘገያል፣ ግን አሥሩም ፎቶ አንድ አይነት ብርሃን ይዞ ሲመጣ ታያላችሁ። የዲጄውን ባለቀለም ኤልኢዲ ግን አያሸንፈውም፣ እነዛ በራሳቸው ፍጥነት ነው የሚብለጨለጩት። ካሜራችሁ ይሄ ነገር ከሌለው 1/100 ላይ ቁሙ፣ አንድ ሙሉ ዙር ስለሚይዝ ብርሃኑ እኩል ይሆናል፣ እንቅስቃሴው ግን ይሄዳል።

ይሂድ ደግሞ! እስክስታ ላይ የኔ አስተያየት ይሄ ነው። ወሎዬ ትከሻውን ሲያወርድ በ1/1000 ብታቆሙት ፎቶው ላይ የምታገኙት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ ሰው ነው፣ ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም። በ1/60 ካነሳችሁት ሁሉም ነገር ሾርባ ነው። የሚጥመው መሃሉ ነው፣ 1/125 ወይ 1/160። ጎበዝ እስክስታ ጨፋሪ አንገቱ ከላይ ጸጥ ይላል ትከሻው ብቻ ነው ሚሄደው፣ ስለዚህ ፊቷ ጥርት ብሎ የቀሚሷ ትከሻና የጥለቱ ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ይወጣል፣ ፎከሱ ዓይን ላይ ይሁን እንጂ። ስትገለባበጥ ወይ ሹሩባዋን ስትነቀንቅ ግን 1/320 ያስፈልጋል፣ አለዚያ ፊቱም አብሮ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ በ70-200ው አዳራሽ ውስጥ አትሞክሩት፣ ኤፍ 4 ይጨልማል። ያቺ ርካሿ 50 ሚሜ 1.8 ትሻላለች፣ ከኤፍ 4 ወደ 1.8 ሁለት ስቶፕ ከምናምን ነው፣ 6400 የነበረው አይኤስኦ 1250 አካባቢ ይወርዳል ማለት ነው፣ ካሜራ ብትቀይሩ ይሄን ያህል ለውጥ አታገኙም።

ፍላሽ ከተጠቀማችሁ ደሞ ሹተሩ ከ1/250 አይለፍ፣ ካለፈ ያው መጋረጃው ፎቶው ላይ ጥቁር ቁራጭ ይጥላል። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚያቆመው ሹተሩ አይደለም፣ ፍላሹ ራሱ በጣም አጭር ስለሆነ ነው፣ 1/200 ላይ ሆናችሁም ትከሻው ጥርት ብሎ ይቆማል። ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለውን ብታበሩ ከዛ በላይ ትሄዳላችሁ፣ ግን የፍላሹ ጉልበት ይሟሟል።

ሐይቅ ላይ ወፍ ለማንሳት ይሄ ሌንስ ያጥራል፣ ከ320ው ጋርም ያጥራል፣ ጀልባ ላይ ካልወጣችሁ በቀር ወፉ ነጥብ ነው። ለበረራ 1/2000 እና ከዛ በላይ፣ ውሃው ስለሚያንጸባርቅ ኮምፔንሴሽኑን እየጠበቃችሁ። ከዚህ የበለጠ ስለ ወፍ የምለው የለኝም።

በጣም የምወደው ግን ፍጥነት ሳይሆን ዝግታ የሚፈልገው ነገር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማ ስር ሂዱ፣ ገበሬው በላይዳ ወደ ነፋሱ ሲበትን ፍሬው ቀጥ ብሎ ይወርዳል ገለባው ወደ ጎን ይሄዳል። በ1/1000 ስታነሱት አየር ላይ የተበተነ ነጥብ ነው፣ ትንኝ የወረረው ነው ሚመስለው። በ1/60 አካባቢ እያንዳንዱ ፍሬ መስመር ይሆናል፣ ገለባው ደሞ ብርሃን ተቃራኒ ከሆነ ወርቃማ ጭስ ይሆናል፣ ገበሬው ላይዳውን ጨርሶ ባነሳበት ቅጽበት ከለቀቃችሁት ሰውየው ጥርት ብሎ ይቀራል። ፀሐይ ላይ 1/60 እንዴት ይገኛል ካላችሁ ያንኑ ሂሳብ ተጠቀሙ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16 ላይ 1/100፣ ኤፍ 22 ላይ 1/50። ሌንሱ ሲዘጋ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ሁሉ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ሰማዩ ላይ ይወጣል፣ በአውድማ አቧራ ውስጥ ደሞ ሌንስ አትቀይሩ። በዚሁ ሴቲንግ ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር የምትወርደዋን ባጃጅ እየተከተላችሁ ብታነሱ ባጃጇ ተይዛ ከኋላ ያለው ሱቅ ሁሉ መስመር ይሆናል፣ ሞክሩት፣ ካሜራውን ከወገብ ነው ማዞር ከእጅ አይደለም።

ቅሬታዬን ልዘርዝር። ዋይፋይ የለውም፣ ሰው ደሞ ፎቶውን አሁን ቴሌግራም ላይ ላክልኝ ነው ሚለው፣ ኦቲጂ (ስልክ ላይ የሚሰካ) ካርድ ሪደር ይዤ ነው ምዞረው። ስክሪኑ አይታጠፍም፣ በመንካትም አይሰራም፣ ከመሬት ዝቅ ብላችሁ ፈረስ ማንሳት ከፈለጋችሁ አፈር ላይ ተኙ። ከባድ ነው፣ ካሜራው 910 ግራም ሌንሱ 705፣ አንገት ላይ ከተንጠለጠለ ከሰዓት በኋላ ስታወሩ አንገታችሁን ይዛችሁ ነው፣ በትከሻ የሚሄድ ማንገቻ ግዙ። ካሜራው አቧራና ካፊያ ይችላል፣ ሌንሱ ግን የድሮው ስለሆነ ያን ያህል አልታሸገም፣ ዝናብ ሲመጣ ፌስታል አይጥፋችሁ። ነጭነቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ገበያ ውስጥ ካወጣችሁት "ለየትኛው ቴሌቪዥን ነው?" የማይል ሰው የለም፣ ልጆቹ ሌንሱ ፊት ይደረደራሉ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግመል ሳይሆን የራሴን ሰልፈኛ ነው አንስቼ የተመለስኩት። ጥቁር ጨርቅ አልብሱት።

ከአዲሶቹ ጋር ካነጻጸርነው የካኖኑ አር10 በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ በሜካኒካል ሹተር በሰከንድ 15 ያነሳል፣ ዓይን ይከተላል፣ ቀላል ነው። ገንዘቡ ካላችሁ እሱን ግዙ፣ አላሳስታችሁም። ግን ባትሪው ትንሽ ነው፣ ደጋ ላይ መብራት የሌለበት ሰርግ ስትሄዱ ሦስት አራት ባትሪ መያዝ አለባችሁ፣ እና ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ፈጣን ነገር ላይ እንዳታበሩት፣ ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ስለሚነበብ በፊታችሁ የሚያልፈው የፈረሱ እግር ይጣመማል። በግማሹ ዋጋ ሰከንድ ሃንድ 7ዲ ማርክ 2 እና ይሄ ሌንስ ሁለቱም ሚገኙ ከሆነ ግን እኔ አሁንም ዓይኔን አላሽም።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ይሄ ካሜራ የስፖርትና የሰርግ ካሜራ ስለሆነ ብዙ የሰራ ነው፣ ሹተሩ 200,000 ጊዜ እንዲሰራ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ስንት እንደሰራ ደሞ ሜኑው ላይ አይታይም፣ ኮምፒውተር ላይ በሶፍትዌር ነው የሚታየው፣ ሻጩ "ትንሽ ነው የሰራሁበት" ቢላችሁ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ከዛ ኤም ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ ወይ ነጭ ግድግዳ በ1/1000፣ በ1/4000 እና በ1/8000 ተከታታይ አንሱና ስክሪኑ ላይ እዩት፣ አንዱ ጠርዝ ከጠቆረ ወይ ከተከታታዩ አንዱ ከሌላው ከተለየ መጋረጃው ደክሟል ማለት ነው፣ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተዉት። አዳራሽ መብራት ስር ሳይሆን ውጪ በፀሐይ ይሁን ሙከራው፣ አለዚያ ያ የመብራት ብልጭታ ጤነኛውን ሹተር የታመመ ያስመስለዋል። ሁለት የካርድ ቦታ አለው፣ አንዱ ኮምፓክት ፍላሽ ሌላው ኤስዲ፣ ኮምፓክት ፍላሹ ነው የሚፈጥነው፣ ሮው (ያልተነካ ጥሬ ፋይል) ስታነሱ ፈጣን ካርድ ከሆነ 31 ፎቶ አካባቢ ይሄዳል፣ ያ በ10 ፍጥነት ሦስት ሰከንድ ነው፣ ጄፔግ ከሆነ ቶሎ አይቆምም። ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ አሁን ደሴ ሱቆች ውስጥ እንደልብ አይገኝም፣ ሻጩ ካርዱንም ካርድ ሪደሩንም አብሮ እንዲሰጣችሁ ተደራደሩ፣ ለሱ ከንግዲህ ምንም አያደርግለትም።